የጓሮ ውሃና የተሰነጠቀ ግድግዳ፦ ጥቁር አፈር ላይ ለተሠራ ቤት ምን ይደረግ?

ጥያቄ፦ ቤታችን አዲስ አበባ፣ አያት አካባቢ፣ በ200 ካሬ ሜትር ቦታ ላይ የተሠራ ባለ አንድ ፎቅ ነው። 9 ዓመት ሆኖታል። ከኋላችን ያለው የጎረቤት ግቢ ከእኛ በአንድ ሜትር ገደማ ከፍ ይላል፤ የእኛ በር ደግሞ በዝቅተኛው በኩል ወደ መንገዱ ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር ጓሯችን ውሃ ያቁራል። በኋላ በኩል ያለው መኝታ ክፍል ከወለሉ እስከ ጉልበት ድረስ ቀለሙ ይላጣል፣ ነጭ ዱቄት መሳይ ነገርም ያወጣል። የቤቱ ጥግ ላይ የብሎኬቱን መጋጠሚያ ተከትሎ እንደ ደረጃ የወጣ ስንጥቅ አለ፤ በበጋ ይሰፋል፣ በክረምት ይጠባል። አንዱ ግንበኛ «ዙሪያውን ሊሾ አድርጋችሁ ዝጉት» አለን። ሌላው «ጥጉ ላይ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ጠጠር ሙሉበት፣ ውሃው እዚያው ይሰርጋል» አለን። አሁን ግንቦት ነው። የቱን እናድርግ?

መልስ፦ የጠጠር ጉድጓዱን ጨርሶ እርሱት። ሊሾው ያስፈልጋችኋል፤ ነገር ግን ዘንድሮ ክረምት ሳይገባ አይደለም፣ በተነገራችሁ መንገድም አይደለም። ከሁለቱም በፊት የሚሠራ ሥራ አለ።

ስንጥቁ በበጋ ሰፍቶ በክረምት መጥበቡ ዋናውን ነገር ይናገራል፦ ቤቱ ያረፈው ጥቁር አፈር ላይ ነው። ዋልካ በሉት፣ መረሬ በሉት፣ ኮትቻ በሉት፣ ይህ አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። የቤቱ ጥግ በሁለት ጎኑ ለፀሐይና ለነፋስ የተጋለጠ ስለሆነ በበጋ ከሁሉ ቀድሞ ከሥሩ ያለው አፈር ይደርቃል። አፈሩ ሲኮማተር ጥጉ በጥቂቱ ዝቅ ይላል፣ ስንጥቁም ይከፈታል። ክረምት ሲገባ አፈሩ አብጦ ጥጉን መልሶ ያነሣዋል። በወለሉ መሐል ሥር ያለው አፈር ግን ዓመቱን ሙሉ ተሸፍኖ ስለሚኖር እምብዛም አይለዋወጥም። ስለዚህ አንዱ ቤት ጠባያቸው በተለያየ ሁለት አፈሮች ላይ ቆሟል ማለት ነው። ግድግዳውን የሚሰብረው ይህ ልዩነት ነው።

ከዚህ የሚከተለው ለሥራው ሁሉ መሪ ነው፦ ጥቁር አፈር ላይ መሠረትን የሚጎዳው የውሃ መብዛት ብቻ ሳይሆን የእርጥበቱ መለዋወጥ ነው። ግባችሁ አፈሩን ማድረቅ አይደለም፤ በመሠረቱ ዙሪያ ያለው አፈር በሐምሌም በመጋቢትም ተቀራራቢ እርጥበት እንዲኖረው ማድረግ ነው። በሰሜን ሸዋ የእነዋሪ ገበሬ መረሬ ማሳው ላይ አፈሩን በመደብ ከፍ አድርጎ በመካከሉ ቦይ የሚያወጣው ውሃው በዚህ አፈር ውስጥ ወደ ታች እንደማይሰርግ ስለሚያውቅ ነው። ውሃው መሄጃው በላይ በላዩ ነው።

ለዚህም ነው የጠጠር ጉድጓዱን የምቃወመው። ጥቁር አፈር በበጋ በስንጥቆቹ በኩል ውሃ ይውጣል፤ ክረምት ገብቶ ካበጠ በኋላ ግን ስንጥቆቹ ይዘጋሉ፣ ውሃ ማሳለፉንም ያቆማል ማለት ይቻላል። በጠጠር የሞላችሁት ጉድጓድ እስከ ጥቅምት ድረስ ውሃ ያዘለ ገንዳ ሆኖ መሠረቱን ከጎን ሲያጠጣው ይከርማል። ቀይ አፈርና ጠጠራማ መሬት ላይ ይህ ዘዴ ይሠራል፤ ግንበኛው ሌላ ቦታ ሲሠራ አይቶት ይሆናል። እርግጠኛ መሆን ከፈለጋችሁ ከቤቱ 5 ሜትር ያህል ራቅ ብላችሁ፣ ግቢው ይህን ካልፈቀደ እስከምትችሉት ድረስ ርቃችሁ፣ ጎኑ 30 ሳ.ሜ. ጥልቀቱ 60 ሳ.ሜ. የሆነ ጉድጓድ ቆፍሩ። ውሃ ሙሉትና አንድ ሌሊት ይደር። በማግስቱ ደግማችሁ ሙሉትና በአንድ ሰዓት ውስጥ ስንት ሳንቲ ሜትር እንደወረደ በእንጨት ለኩ። ከ1 ሳ.ሜ. በታች ከሆነ እዚያ ግቢ ውስጥ ውሃን የሚያሰርግ ምንም ዓይነት ጉድጓድ አይሠራም። ፈተናውን ስትጨርሱ ያወጣችሁትን አፈር መልሳችሁ በደንብ ጠቅጥቁት።

ከመውጫው ጀምሩ

ብዙ ሰው ሥራውን ውሃ ካቆረበት ቦታ ይጀምራል። መጀመር ያለበት ግን ውሃው ከሚወጣበት ነው። መውጫ የሌለው ቦይ፣ ስፋቱ ምንም ያህል ቢሆን፣ ረጅም ኩሬ ነው።

ግንበኞች ውሃ ልክ የሚሉትን ግልጽ የላስቲክ ቱቦ ውሰዱ፤ 10 ሜትር የሆነ ይበቃል፣ ቦታ እያዛወራችሁ ትለካላችሁ። ውሃ ስትሞሉት ውስጡ አየር እንዳይቀር ተጠንቀቁ፤ አንዲት የአየር አረፋ ልኩን በሳንቲ ሜትሮች ታዛባለች። አራት ነጥቦችን ለኩ፦ የኋላውን የግቢ ጥግ፣ የመኝታ ክፍሉን የውጭ ግድግዳ ግርጌ፣ የበሩን ደፍ፣ እና ከበሩ ውጭ ያለውን የመንገድ ቦይ ወለል። የመንገዱ ቦይ ወለል ከጓሮው መሬት ቢያንስ 45 ሳ.ሜ. ዝቅ ካለ ሥራው በስበት ብቻ ያልቃል። የጎረቤታችሁ ከፍታ ያን ያህል ከሆነ መሬቱ በአጠቃላይ ወደ እናንተ በር ያዘነበለ ስለሚሆን ይህን ታገኛላችሁ ብዬ እገምታለሁ።

ከመንገዱ ቦይ ጋር ስትገናኙ ወረዳችሁን ጠይቁ። አስፋልት ወይም የእግረኛ መንገድ መቁረጥ ካስፈለገ ደግሞ ያለ የአዲስ አበባ ከተማ መንገዶች ባለሥልጣን ፈቃድ አትንኩት። ውሃውን መንገዱ ላይ መልቀቅ መንገዱንም ይበላል፣ ከታች ያለውን ጎረቤትም ያጠቃል። የጣራና የግቢ ውሃ ወደ ሴፕቲክ ታንክ ወይም ወደ ሽንት ቤት ፍሳሽ መስመር ደግሞ ፈጽሞ አይግባ፤ በአንድ ኃይለኛ ዝናብ ታንኩ ሞልቶ ፍሳሹን ወደ መታጠቢያ ቤታችሁ ይመልሰዋል።

ጣራው

1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውሃ ነው። ጣራችሁ 110 ካሬ ሜትር ቢሆንና በአንድ ሰዓት 40 ሚ.ሜ. ቢዘንብ 4,400 ሊትር፣ ማለትም 22 በርሜል ውሃ ከጣራው ይወርዳል። ይህ ውሃ በሁለት ወይም በሦስት መውረጃ ቱቦ ተሰብስቦ የቤቱ ጥግ ላይ ከተደፋ፣ ቤቱን በገዛ ጣራው እያጠጣችሁት ነው። የመውረጃው ጫፍና የተሰነጠቀው ጥግ ብዙ ጊዜ አንድ ቦታ ይሆናሉ፤ የእናንተንም ወጥታችሁ እዩት።

አሸንዳው በየ1 ሜትሩ 5 ሚ.ሜ. ወደ መውረጃው ማዘንበል፣ በየ60 ሳ.ሜ. መደገፍ አለበት። ለየ50 ካሬ ሜትር ጣራ አንድ ባለ 110 ሚ.ሜ. መውረጃ አስቡ፤ ለ110 ካሬ ሦስት ማለት ነው። ባለ 75 ሚ.ሜ. ቱቦ በንጹሕ ውሃ ስሌት ይበቃ ይሆናል፤ ነገር ግን የባሕር ዛፍ ቅጠልና በረዶ ቶሎ ይደፍኑታል። አሸንዳችሁ ከፓራፔት (ከጣራው ጠርዝ ከፍ ብሎ ከሚወጣው አጭር ግድግዳ) ጀርባ የተደበቀው ዓይነት ከሆነ አንድ ተጨማሪ ነገር ያስፈልጋል፦ ከአሸንዳው ከንፈር 5 ሳ.ሜ. ዝቅ ብሎ ወደ ውጭ የሚያፈስ ባለ 50 ሚ.ሜ. የትርፍ ውሃ ቱቦ። እሱ ከሌለ መውረጃው በተደፈነ ቀን ውሃው ግድግዳው ውስጥ ይገባል፣ እናንተም ለወራት ከመሬት የመጣ እርጥበት ይመስላችኋል።

ከጣራው የወረደው ውሃ መሬት ላይ ሳይደፋ በቀጥታ ወደ ቦዩ ይግባ። ሮቶ ካላችሁ ለልብስና ለጽዳት ብታጠራቅሙት ጥሩ ነው፤ የመጀመሪያውን 100 ሊትር ያህል አቧራውን ስለሚያጥብ ድፉት። ይህን ግን እንደ መፍትሔ አትቁጠሩት። ባለ 5,000 ሊትር ሮቶ በሐምሌ አንድ ከሰዓት ይሞላል፣ ከዚያ በኋላ ትርፉ ሁሉ አጠገቡ ይፈሳል። የሮቶው የትርፍ ውሃ ቱቦም በቦዩ ላይ ይለቀቅ። የከተማው ውሃ በሌሊት የሚመጣ ከሆነ፣ ሮቶው ሲሞላ የሚዘጋው ተንሳፋፊ ኳስ መሥራቱን አረጋግጡ፤ ሁሉ ሰው ተኝቶ ሳለ ለሰዓታት ግርጌውን የሚያጠጣ ሮቶ ብዙ ነው። ጓሮው በበጋም እርጥብ ከሆነ ቧንቧዎቹን ሁሉ ዘግታችሁ ቆጣሪውን ለሁለት ሰዓት ተመልከቱ። ከዞረ ከመሬት በታች የሚያፈስ መስመር አለ፤ ከሮቶ ወደ ቤት የሚገባውን መስመር ግን ቆጣሪው ስለማያየው የሮቶውን ከፍታ ማታ በምልክት ይዛችሁ ጠዋት አስተያዩት።

ከጎረቤት የሚመጣው

ከኋላ ያለው አጥር በሌላው በኩል አንድ ሜትር አፈር ተሸክሟል። ስለዚህ አጥር ብቻ አይደለም፣ አፈር ደጋፊ ግንብም ነው። በግርጌው ውሃ ማስወጫ ከሌለው ከኋላው የሚጠራቀመው ውሃ ይገፋዋል። በየ1.5 ሜትሩ፣ ከእናንተ መሬት 15 ሳ.ሜ. ከፍ ብሎ፣ ባለ 50 ሚ.ሜ. ቱቦ ወደ እናንተ ዘንበል ብሎ ይግባ፤ ከወዲያ በኩል አፉ ላይ በጨርቅ የተጠቀለለ ጠጠር ካልተደረገ ግን አፈሩን እያጠበ ያመጣል። ይህን ለማድረግ ከጎረቤት ጋር መነጋገር ግድ ነው። ግድግዳውንም ጣራውንም አብራችሁ ተመልከቱ፤ የእሱ መውረጃ ቱቦ ወደ አጥሩ ከሆነ እሱን ማዞር ከማንኛውም ግንባታ ይረክሳል። አጥሩ ወደ እናንተ ያዘነበለ ወይም ሆዱ የተነፋ ከሆነ ግን በግንበኛ አታስነኩት፣ መሐንዲስ ይየው።

ቦዩ

ቦዩ የሚሄደው በኋላው አጥር ግርጌ 10 ሜትር፣ ከዚያ በጎን በኩል በአጥሩ ዳር እስከ በሩ 20 ሜትር፣ በድምሩ 30 ሜትር ነው ብዬ ልውሰድ። በየሜትሩ 1 ሳ.ሜ. ቢያዘነብል ከመነሻው እስከ መውጫው 30 ሳ.ሜ. ይወርዳል። መሬቱ ራሱ በዚያ ርቀት 15 ሳ.ሜ. የሚወርድ ከሆነ፣ በ15 ሳ.ሜ. ጥልቀት የጀመረ ቦይ በሩ ጋ 30 ሳ.ሜ. ጥልቀት ይኖረዋል። ይህን ስሌት ቁፋሮ ሳይጀመር በካስማና በሲባጎ መሬት ላይ አሳዩ። በዓይን ግምት የተቆፈረ ቦይ መሐሉ ላይ ሆድ ያወጣል፤ ያ ሆድ ደለል ይይዛል፣ ደለሉ ሣር ያበቅላል፣ በሁለተኛው ክረምት ቦዩ ይዘጋል።

የውስጥ ስፋቱ 30 ሳ.ሜ. ይሁን። ለውሃው ብቻ ቢሆን ከዚያ ያነሰ ይበቃ ነበር። የእናንተን 200 ካሬና ከጎረቤት የሚመጣ ሌላ 200 ካሬ ላይ ለጥቂት ደቂቃ በሰዓት 100 ሚ.ሜ. በሆነ ፍጥነት ቢዘንብ፣ ምንም ሳይሰርግ ቢወርድ እንኳ በሰከንድ 11 ሊትር ነው፤ በ1 በመቶ ያዘነበለ 30 በ15 ሳ.ሜ. ቦይ ከ40 ሊትር በላይ ያሳልፋል። ስፋቱን የሚወስነው አካፋ ነው። አካፋ የማይገባበት ቦይ አይጠረግም። «ቱቦ ቀብረን ላዩን እንዝጋው» ካላችሁ ባለ 110 ሚ.ሜ. ቱቦ በዚሁ ማዘንበል 6 ወይም 7 ሊትር ነው የሚያሳልፈው፤ ለጣራው ብቻ ይበቃል፣ ለግቢው ሁሉ አይበቃም። ያን ጊዜ ባለ 160 ሚ.ሜ. አድርጉ፣ በየ10 ሜትሩና በየማጠፊያው ማንሆል አይቅር። እኔ ግን ክፍቱን፣ በፍርግርግ ብረት የተሸፈነውን እመርጣለሁ፤ ሲደፈን ይታያል።

የቦዩ አሠራር ላይ ጥቁር አፈር የራሱ ጠባይ አለው። በድንጋይና በጭቃ ሲሚንቶ የተገነባ ቦይ አፈሩ ሲያብጥ መጋጠሚያዎቹ ይለቃሉ፣ በእነሱም ውሃው መልሶ ወደ አፈሩ ይገባል። የሚሻለው 10 ሳ.ሜ. ውፍረት ያለው፣ ባለ 6 ሚ.ሜ. ፌሮ በየ20 ሳ.ሜ. የታሰረበት ኮንክሪት ነው። ከሥሩ 20 ሳ.ሜ. ጥቁር አፈር አውጡና ገረጋንቲ (ለሙሌት የሚሆን ጠጠራማ አፈር) በሁለት ንብርብር ውሃ እያርከፈከፋችሁ ጠቅጥቁ። ለ30 ሜትር የሚያስፈልገው በግምት 3 ሜትር ኩብ ኮንክሪት ሲሆን፣ በ1፡2፡3 ድብልቅ 21 ከረጢት ሲሚንቶ፣ 1.5 ሜትር ኩብ አሸዋ፣ 2.2 ሜትር ኩብ ጠጠር፣ ከዚያ 75 ኪሎ ገደማ ፌሮና 5 ሜትር ኩብ ገረጋንቲ ነው። ለብክነት ከዚህ ላይ አንድ አሥረኛ ጨምሩ። በየ3 ሜትሩ 1 ሳ.ሜ. ክፍተት ትታችሁ በሬንጅ ድፈኑት፤ ክፍተት ካልተዋችሁለት ስንጥቁን ራሱ በፈለገበት ያወጣዋል። የአጥሩን መሠረት ሙሉ ለሙሉ እንዳታጋልጡ ቁፋሮውንም በ3 ሜትር በ3 ሜትር እያፈራረቃችሁ ሥሩ። አንዱ ሳይሞላ አጠገቡን አትክፈቱ። ኮንክሪቱን ቢያንስ ለ7 ቀን እርጥብ ጆንያ አልብሱት።

ከበሩ መውጫ ቀድሞ 40 በ40 ሳ.ሜ. የሆነ የደለል ማስቀሪያ ሣጥን ይኑር፤ ወለሉ ከመውጫው ቱቦ 20 ሳ.ሜ. ዝቅ ይበል። አሸዋውና ቅጠሉ እዚያ ይቀራል። መውጫው ላይ ፍርግርግ አድርጉ፣ አይጥና ላስቲክ እንዳይገባ።

አሁን ወደ ሊሾው

በተለምዶ የሚሠራው ይህ ነው፦ ጥቁሩ አፈር ላይ ድንጋይ ሶሊንግ ይደረደራል፣ ላዩ ላይ 3 ወይም 4 ሳ.ሜ. ሊሾ ይለበጣል፣ ከግድግዳው ጋርም ይጣበቃል። በመጀመሪያው በጋ ከግድግዳው ይላቀቃል። በዚያች ቀጭን ክፍተት የገባ ውሃ በሶሊንጉ ድንጋዮች መካከል ያለውን ባዶ ቦታ ይሞላና መሠረቱን ተደግፎ ይቀመጣል፤ ከላይ ስለተዘጋም አይተንም። ላዩ ደረቅ፣ ውስጡ ኩሬ። ዙሪያውን ሊሾ አሠርተው እርጥበቱ የባሰባቸው ቤቶች ነገር ይኸው ነው።

ትክክለኛው አሠራር ስፋቱ 1 ሜትር (ቦታው ከፈቀደ 1.2) ሆኖ እስከ ቦዩ ከንፈር ይደርሳል። ጥቁሩን አፈር 30 ሳ.ሜ. አውጥታችሁ 20 ሳ.ሜ. ገረጋንቲ በሁለት ጊዜ ጠቅጥቁ። ሶሊንግ አይግባ፤ ሬድ አሽ የሚባለው ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠርም ርካሽ ቢሆን ውሃ ስለሚያዝል ለዚህ ቦታ አይሆንም። ገረጋንቲው ላይ ወፍራም ጥቁር ላስቲክ ይነጠፍ፣ መደራረቢያው 20 ሳ.ሜ.፣ በግድግዳው በኩል ደግሞ 10 ሳ.ሜ. ወደ ላይ ይታጠፍ። ከዚያ 10 ሳ.ሜ. ኮንክሪት ከፌሮ ወይም ከብየዳ መረብ ጋር፣ በየ1 ሜትሩ 4 ሳ.ሜ. ወደ ቦዩ ያዘነበለ። ከግድግዳው ጋር 1 ሳ.ሜ. ክፍተት ተዉ፤ ሥሩን በስፖንጅ ገመድ፣ ላዩን በሚለጠጥ ማሸጊያ ዝጉት። በሲሚንቶ ከዘጋችሁት ያንኑ የድሮውን ስህተት ደገማችሁ። ማሸጊያው በየሁለት ሦስት ዓመቱ ይታያል፣ የተላጠው ይታደሳል።

አንድ ነገር ሳትለኩ አትጀምሩ፦ የቤቱ ውስጥ ወለል ከውጭው ንጣፍ ምን ያህል ከፍ ይላል? ግቢ በየጊዜው አፈር ሲደለደልበትና ሲነጠፍበት ከፍ ይላል፤ 9 ዓመት በቂ ጊዜ ነው። ንጣፉ ከወለሉ ቢያንስ 15 ሳ.ሜ. ዝቅ ማለት አለበት። ከዚያ ካነሰ ውሃው ከግሬድ ቢሙ (ግድግዳውን ከሥር ከተሸከመው የኮንክሪት አግዳሚ) በላይ ባለው ብሎኬት በኩል ይገባል፣ እስከ ጉልበት የደረሰው እርጥበትም ከዚያ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ከሆነ አዲሱን በአሮጌው ላይ አትደርቡ፣ አሮጌውን አንሡ።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ይህን ሥራ በጥቅምትና በኅዳር አድርጉት። ያን ጊዜ አፈሩ እርጥበቱን ይዟል፣ ጭቃነቱ ግን አልፏል። በመጋቢት ወይም አሁን በግንቦት ዝናብ ሳይጠግብ ከዘጋችሁት ደረቅና የተኮማተረ አፈር አሽጋችሁ ታስቀምጣላችሁ፤ ቀስ በቀስ እርጥበት ሲያገኝ ያብጥና ኮንክሪቱን ከሥሩ ያነሣዋል። ግንበኛችሁ ይህን እንደ ሰበብ ቢያየው አትፍረዱበት፣ ቀይ አፈር ላይ ልዩነት የለውም።

በእነዚህ ሳምንታት የሚሠራው

እስከ ሰኔ ያለውን ጊዜ ለሚከተለው ተጠቀሙበት። አሸንዳውን ጥረጉ፤ በባልዲ ውሃ ደፍታችሁ በየትኛው መጋጠሚያ እንደሚያንጠባጥብ እዩ። የመውረጃዎቹን ጫፍ በቱቦ ማጠፊያ (ኤልቦ) እና በባለ 110 ቱቦ ቢያንስ 3 ሜትር ከቤቱ አርቁ፣ ወደ በሩ አቅጣጫ። በኋላው አጥር ግርጌ ወደፊት ቦዩ በሚያርፍበት መስመር ላይ 15 ሳ.ሜ. ጥልቀት ያለው የአፈር ቦይ ቆፍሩና ላስቲክ አልብሱት፤ ላስቲኩ ካልኖረ ቦዩ ራሱ ውሃ ያሰርጋል። የቆፈራችሁትን አፈር በቤቱ ግርጌ ዙሪያ ደልድላችሁ በየሜትሩ 5 ሳ.ሜ. ወደ ውጭ እንዲያዘነብል ጠቅጥቁት፤ ከወለሉ ያለውን 15 ሳ.ሜ. ግን አትጣሱ። በጥቅምት የሚነሣ ስለሆነ አሸዋ ወይም ጠጠር አትግዙለት። ለዚህ ሥራ ሁለት የቀን ሠራተኛና ሦስት ቀን ይበቃል፣ ጓሮው የሚያቁረውን ውሃ አብዛኛውንም ያስቀራል።

ግርጌው ላይ የተተከለ አበባና ጎመን ካለ 1.5 ሜትር አርቁት። በበጋ አንዱን ጎን ብቻ ማጠጣት በክረምት አንዱን ጎን ብቻ ከማራስ አይለይም። ባሕር ዛፍ በቁመቱ ያህል ርቀት ውስጥ ካለ ውሃውን እየመጠጠ አፈሩን ያደርቃል። ይሁንና በድንገት አትቁረጡት፤ ለዓመታት ሲደርቅ የኖረው አፈር ውሃ ሲያገኝ ያብጥና ወለሉን ሊያነሣ ይችላል። ቅርንጫፉን በየዓመቱ እያሳሳችሁ፣ በሁለት ሦስት ዓመት አስወግዱት።

ከላይ ያለው ሁሉ ተሠርቶም በነሐሴ መጨረሻ ለሦስት አራት ቀን ሳይዘንብ ግርጌው ላይ ውሃ የሚመነጭ ከሆነ፣ ከመሬት በታች ከላይኛው ግቢ የሚሰርግ ውሃ አለ ማለት ነው። የጠጠር ቦይ የሚያስፈልገው ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ቦታውም ከጥጉ ሳይሆን ከላይኛው አጥር ጋ፣ ከቤቱ መሠረት ቢያንስ 2 ሜትር ርቆ ነው። ስፋቱ 40፣ ጥልቀቱ 80 ሳ.ሜ. ሆኖ፣ ጂኦቴክስታይል በሚባለው ውሃ አሳላፊ ጨርቅ ይለበጥ፤ ወለሉ ላይ ቀዳዳዎቹ ወደ ታች የዞሩ ባለ 110 ቱቦ ይተኛ፤ በታጠበ ባለ 20 ሚ.ሜ. ጠጠር ይሞላ፤ ጨርቁ ከላይ ይታጠፍና በ20 ሳ.ሜ. ጥቁር አፈር ይዘጋ፣ የላዩ ውሃ እንዳይገባበት። ቱቦው የግድ ወደ መውጫ ይድረስ። በጨርቁ ፈንታ የማዳበሪያ ጆንያ የሚያደርጉ አሉ፤ ይቀደዳል፣ ጠጠሩም በጭቃ ይሞላል።

ግድግዳውና ስንጥቁ

የሚላጠው ቀለም የመጨረሻው ሥራ ነው። ነጩ ዱቄት ውሃው ከሲሚንቶውና ከአፈሩ ይዞት የወጣ ጨው ነው፤ በደረቅ ብሩሽ አራግፉት፣ በውሃ ብታጥቡት ሟሙቶ መልሶ ይገባል። ከመሬት የሚመጣ እርጥበት መሆኑን ለማረጋገጥ ግማሽ ሜትር ካሬ ግልጽ ላስቲክ ግድግዳው ላይ ዙሪያውን በፕላስተር አጣብቃችሁ ለሁለት ቀን ተዉት። ጠሉ ከላስቲኩ ጀርባ ከሆነ ከግድግዳው ነው፤ ከፊት ከሆነ የክፍሉ አየር ስለታፈነ ነው፣ መስኮት ክፈቱ። ውሃው ከቆመ በኋላ ግድግዳውን አንድ በጋ ሙሉ አድርቁት። ከዚያ እርጥበቱ ከደረሰበት 30 ሳ.ሜ. በላይ ድረስ ልስኑን ላጡና በ1፡4 ሲሚንቶና አሸዋ ለስኑት። ጀሶ እዚያ ቦታ አይንካ፣ እርጥበት ይጠጣል። በሴራሚክ መሸፈንም እርጥበቱን ከፍ ወዳለው ግድግዳ ይገፋዋል እንጂ አያስቀረውም።

ስንጥቁን ደግሞ አሁን አትድፈኑት። ላዩ ላይ በሁለት ቦታ፣ 10 ሳ.ሜ. ርዝመትና 5 ሳ.ሜ. ስፋት ያለው ጀሶ አቋርጣችሁ ለጥፉና ቀኑን ጻፉበት። (ለዚህ ሥራ ጀሶ ጥሩ ነው፣ ቶሎ ስለሚሰበር።) በሁለቱ ጎን በእርሳስ ነጥብ አድርጋችሁ በየወሩ መጀመሪያ ርቀቱን በሚሊ ሜትር መዝግቡ፣ እስከሚቀጥለው ዓመት ግንቦት። ቦዩና ሊሾው ከተሠሩ በኋላ የበጋና የክረምት ልዩነቱ ከ1 ሚ.ሜ. በታች ከወረደ መጋጠሚያውን ቆርቁራችሁ፣ የዶሮ ሽቦ ዘርግታችሁ ለስኑት።

ስፋቱ ከ5 ሚ.ሜ. ካለፈ፣ ኮለን ወይም ቢም ላይ ከታየ፣ በሮች መዝጋት እንቢ ካሉ፣ ወይም በ3 ሜትር ቀጥ ያለ እንጨት ሥር ወለሉ ከ2 ሳ.ሜ. በላይ ጉብ ብሎ ከተገኘ የስትራክቸር መሐንዲስ ጥሩ፤ ያን ወርኃዊ መዝገብም አሳዩት። ባለሙያ ሳያይ መሠረቱን ለማየት ብላችሁ ከፉቲንጉ (ከመሠረቱ የታችኛው የኮንክሪት እግር) ግርጌ በታች አትቆፍሩ፤ በተለይ በክረምት የተራሰ ጥቁር አፈር ከጎኑ ሲከፈት ይንሸራተታል።